ከቅሬ የወጣው አጎቴ

ቅዳሜ ጠዋት

ከአጎቴ ከይመር ጋር ከመካነ ሰላም የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። የምንሄደው ወደ ትውልድ ቀበሌያችን፣ ከከላላ ማዶ ነበር፤ ጉዳያችን ደግሞ አጎቴን ወደ ቅሬው ማስመለስ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እስላም ክርስቲያን ሳይል መቃብር የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው እሱ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቢሞት የሚሸከመው የለም።

አጎቴ የወጣው በገዛ አፉ ነው። ባለፈው ምርጫ አንድ ፓርቲ እጩ አድርጎት ወደ ቀበሌው ሄደና፣ በወንዙ ላይ ድልድይ እናሠራለን አለ። ሰው አላምን ሲለው ጊዜ ጨነቀው። የፓርቲ ወሬ በማይነሳበት የቅሬ ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ «ድልድዩ ካልተሠራ ከቅሬ አውጡኝ!» አለ። ሰው እሱን ለመምረጥ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ምክር ቤት ገባ፣ ዘመኑ አለቀ፣ ድልድዩ አልተሠራም። ቅሬውም ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ፣ እንዳለው አወጣው።

አሁን ፓርቲውን ትቶ መካነ ሰላም ሱቅ ከፍቷል። ሐኪም ልብህ ደክሟል ካለው ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቷል።

«እዚህ ቀባሪ ይጠፋል እንዴ?» አልኩት።

«ከአባቴ ጎን ነው የምፈልገው። አንተ ግጥም ትጽፋለህ፣ አፍ አታጣም፤ አብረኸኝ ና።»

በመንገድ

የሚኒባሱ የጎን መስታወት ላይ የዘንድሮ እጩ ፎቶ ተለጥፏል። ግማሽ ፊቱን ፀሐይ አንጥቶታል።

«ደጋፊው ነህ?» ስል ሾፌሩን ጠየቅኩት።

«ኧረ ወዲያ! መስታወቱ ተሰንጥቆ ነው፤ ብርድ እንዳያስገባ።»

ጉም ገብሱ ላይ ተኝቷል። ከታች ገደሉ አይታይም፤ ባለመታየቱም ደስ አለኝ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። መኪና ቀይረን አይሱዙ ላይ ስንወጣ፣ አንድ ገበሬ የጤፍ ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀልን። ስለ ምርጫው አነሳሁበት።

«እኔ ፓርቲ መጣ ሲሉኝ ዶሮዬን ነው እቤት የማስገባ» አለ።

«አትመርጥም ታዲያ?»

«ማንን? ሲመጡ ወንድሞቻችን ናቸው። ከገቡ በኋላ ቢሯቸው ብትሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። ያኛውን ለወጥነው፣ ይሄኛውም ያው ሆነ። የኛው ልጅ እንኳ፣ ያ ይመር የሚሉት...»

አጎቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ።

«...እሱ እንኳ በቅሬ ምሎ ቀረ። እሱስ እሺ፣ ተቀጣ። የላኩትን ማን ይቀጣቸዋል?» አለና ቆሎ ዘግኖ ሰጠን። አጎቴ ከጋቢው ውስጥ እጁን ብቻ አውጥቶ ተቀበለ።

ከላላ ደርሰን ሽሮ በላን፤ አጎቴ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ተወው። ለእሱ በቅሎ ተከራየንለት፣ እኔ በእግሬ ተከተልኩ። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ዳር ላይ ያኔ በጭብጨባ የተጣለው የድልድዩ የመሠረት ድንጋይ ቆሟል። አንዲት ሴት የታጠበ ልብስ አስጥታበታለች። አጎቴ በቅሎዋን ኮርኩሮ ሳያየው አለፈ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ቅሬው የተሰበሰበው ወይራ ሥር ነው። ቄሱም ሼሁም አሉ። ዳኛው አያ ሰይድ ዱኣ አድርገው፣ ሁሉም «አሚን» ካለ በኋላ፣ አጎቴን ከክቡ መሀል አቆሙት።

«ይመር፣ ድልድዩ ተሠራ?»

«አልተሠራም።»

«ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ?»

«የዚያን ዓመት የዞኑ በጀት...»

«ኧረ በጀቱን ተወን!» አለች አንዲት ሴት። ዘሃራ ትባላለች፤ የአጎቴ አብሮ አደግ ናት። «ልጄን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመን ወንዙ ሞልቶ፣ ላይኛው መሻገሪያም ርቆብን፣ ቀኑን ሙሉ ዳር ላይ ስንውል፣ በጀት መጥቶ አሻገራት? አልሃምዱሊላህ፣ ጎደለና ተሻገርን፤ እሷም ሕፃኑም ተረፉ። ግን ቀኑን ሙሉ ስምህን ስጠራ ነው የዋልኩ። ስመርቅህ እንዳይመስልህ!»

ሰው ሳቀ። አጎቴ በጋቢው ጫፍ ግንባሩን ጠረገ። እኔ በመንገድ ያዘጋጀኋትን የልመና ግጥም ላሰማ ተነሳሁ።

«ቁጭ በል አንተ ልጅ» አሉ አያ ሰይድ። «የሞተ ሰው የለም፤ ግጥምህን ለለቅሶ አቆየው።»

ተቀመጥኩ። አጎቴ ጫማውን አውልቆ ባዶ እግሩን ቆመ። ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ፓርቲው ይሠራል አለኝ፤ በምን ገንዘብ፣ መቼ፣ ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ ራሴ ያላጣራሁትን ነገር በቅሬ ማልኩበት። እናንተ ፓርቲውን አላመናችሁም፤ ያመናችሁት ቅሬውን ነው። ያንን ነው ያጠፋሁት። በጀት አይደለም።»

በቅሬው ሥርዓት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በጥፋቱ የተጎዳው ሰው ነው። ሁሉም ወደ ዘሃራ ዞረ። እሷ ሣር ትነጭ ጀመር።

«ሲሞት ለጅብ ልንጥለው ነው ታዲያ?» አለች በመጨረሻ። «ይግባ። ግን ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ሕመምተኛ በዙሪያ መንገድ እስከ ላይኛው መሻገሪያ ሲወሰድ፣ ቃሬዛውን ከፊት ይያዝ።»

«ልቡን ያመዋል» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንተስ ምንህን ነው የሚያምህ?»

ወይራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አጎቴም ሳቀ፤ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

«ደግ ብላለች» አሉ አያ ሰይድ። «ይመር ገብቷል። ልጁ ይሸከምለታል። የፓርቲ ነገር እዚህ ዛፍ ሥር ዳግመኛ እንዳይነሳ።»

«አሚን!»

ዘሃራ ተነስታ ትከሻውን ሳመችው። «አንተ ውሸታም» አለችው፣ «ከስተሃል፤ ና ቤት፣ እርጎ አለ።» አንድ ቅል እርጎ ጨረሰ።

ሰኞ፣ መካነ ሰላም

ስንመለስ ጉሙ ተነስቶ ገደሉ እስከ ታች ይታይ ነበር። አልፈራሁትም። ከቤት ስወጣ «ሰው ማመን ትቷል» ብዬ ግጥም ልጽፍ አስቤ ነበር። አሁን እንዲያ ብዬ አልጽፍም። ያ ገበሬ፣ ያቺ ዘሃራ፣ ማመን አልተዉም፤ የሚያምኑት ግን ጠርተው መሀል ሊያቆሙት የሚችሉትን ሰው ነው። ፓርቲውን የት ብለው ይጥሩት? ለእኔም ክረምት ሲገባ ሥራ አለብኝ፤ ትከሻዬ ከአሁኑ ያሳስበኛል።

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለ አንድ የቅስቀሳ ወጣት ወረቀት ሰጠኝ።

«ወንድሜ፣ እጩአችንን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም። ቅሬው የት ነው?»

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ወረቀቱን ገልብጦ ፈለገ። «እዚህ ላይ አልተጻፈም» አለ። «ልጠይቅልህ?»

«ጠይቅልኝ» አልኩት።

መኪናቸው ድምፅ ማጉያውን ለቆ በሱቁ ፊት አለፈ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ደንግጬ ወደ ውስጥ አየሁ። አጎቴ የስኳር ጆንያው ላይ ራሱን ደገፍ አድርጎ፣ በእኩለ ቀን፣ እያንኮራፋ ነበር። አልነቃም።