ከገበያው ወገን ያለው ጎል

ባለፈው እሁድ ያጠብኩትን ልብስ ሳሰጣ ከታች ከሜዳው በኩል የሰው ጩኸት መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ንፋስ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆኖ ወጣና ጸጥ አለ። ጎል ነበር። የማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፣ እግሮቼም እንደ ድሮው ቁልቁል ሊሮጡ ዳዳቸው።

በልጅነቴ ሥራዬ ይኸው ነበር። ቤታችን ከሚዛን ከተማ በላይ ዳገቱ ላይ፣ በቡና ተከብቦ ነበር፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሆነ ከተማዋ አትታየንም፣ ድምጿ ግን ይደርሰናል። ሜዳው ላይ ጎል ሲገባ ጩኸቱ እኛ ጋ ይወጣ ነበር፤ ማን እንዳገባ ግን ጩኸት አይናገርም። ለቃሚዎቹ እጃቸው ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ይከራከሩ ነበር። «የኛ ነው፣ ወፍራም ጩኸት ነው» ይላል አንዱ። «ቴፒዎችም በጭነት መኪና ሞልተው መጥተዋል፣ እነሱስ ቀጭን ነው እንዴ የሚጮኹት?» ይላል ሌላው። የለቀማ ሰሞን ሥራ ጥሎ መሄድ አይታሰብም፣ የበሰለ ቡና አይጠብቅም። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት አልገባሁ፣ ቁመቴ ለላይኛው ቅርንጫፍ አይደርስ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ግን አንድ ቃል ሳልጥል አመጣ ስለነበር፣ የምላከው እኔ ነበርኩ። ሮጬ ወርጄ ጨዋታውን አይቼ እመለስና፣ እነሱ እየለቀሙ እኔ ከዛፍ ዛፍ እየተከተልኩ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው እነግራቸው ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ ዓመት የማስታውሰው በቡናው ነው። በዚያን ዓመት ለቀማ ላይ አባባና ወንድሜ ጌታሁን ተጣሉ። ጌታሁን የሚዛን ቡድን በረኛ ነበር። አባባ እኔንና እማዬን ይዞ ሩቅ አገር ለቅሶ ሲሄድ፣ የተለቀመውን ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ አስጥቶ እንዲያገላብጥ ለእሱ ትቶለት ነበር፤ እሱ ግን ቴፒ ለግጥሚያ ሄዶ ሁለት ቀን አደረና፣ ቡናው በጆንያ እንደታሰረ ሞቆ ሻገተ። አባባ ሲመለስ ጆንያውን ፈትቶ እጁን አስገባ፣ አወጣና አሸተተው። አልጮኸም። «እንግዲህ ኳስህ ያኑርህ» ብቻ አለው። ጌታሁንም ልብሱን ጠቅልሎ ከተማ ወረደ፣ ልብስ ሰፊ ጓደኛው ዘንድ ተጠጋ።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ስሙ ቤታችን ውስጥ አይጠራም ነበር። እማዬ ግን ራት ስታቀርብ አሁንም ለአራት ሰው ታቀርብ ነበር፤ የተረፈውን መልሳ ትከድነዋለች፣ አባባም እያየ ይነሳል።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆኖ ኳስ ቆመ፣ ሰዉም በረንዳችን ላይ ለወሬ ይሰበሰብ ጀመር። ጋሽ በቀለ የሚባል ጎረቤት ነበረን፣ ከሠራዊት የተመለሰ፣ ሬድዮውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አንግቶ የሚዞር። ዜና ሰምቶ ሲያበቃ ራሱ ደግሞ ይተነትነዋል። አንድ ቀን «አገሩ በዞን በዞን ሊከፈል ነው፤ ቴፒ ወደ ሌላ ትሄዳለች ይባላል» አለ።

«ታዲያ ለግጥሚያ ስንመጣ ፓስፖርት ልትጠይቁን ነው?» አለ ዘነበ። ዘነበ የቴፒ ልጅ ነው፣ ለለቀማ መጥቶ እኛው ጋ የቀረ፤ ልቡ ግን ከቡድኑ አልተነሳም።

«አንተን መጀመሪያ ነው ወደ አገርህ የምንሸኝህ።»

«ሸኙኛ! ቡናውን ሬድዮህ ይለቅምልሃል።»

አባባ በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ወሬው ወደ ኳስ ሲዞር ግን ላሚቱን ሊያይ ተነስቶ ይወጣል። ሰዎቹም ይህን አውቀው ተጠንቅቀው ነበር የሚያወሩት፣ በእሱ ፊት ስለ በረኛ አይነሳም።

ቡናው እንደገና ሲቀላ ልብስ ሰፊው እማዬን ገበያ ላይ አግኝቶ፣ ጌታሁን ከለቀማው በኋላ ወርቅ ሊያጥብ ቆላ ሊወርድ መሆኑን ነገራት። ያን ጊዜ ወደ ወርቁ የወረዱ ልጆች ብዙ ነበሩ፣ የተመለሱት ጥቂት። እማዬ ለአባባ ነገረችው፣ እሱም «ይሂድ» አለ፣ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በዚያው ሳምንት ቴፒዎች መጡ፣ እኔም ተላክሁ። ጨዋታው እኩል ለእኩል ቆይቶ ሊያልቅ ሲል፣ ቴፒዎች ከሩቅ የመቱት ኳስ ወንድሜን አልፎ ገባ። እጁን እንኳ ዘግይቶ ነው ያነሳው። ከጎኔ የቆሙት ሰዎች ስለ እሱ ያሉትን ሁሉ ሰማሁ፣ ዳገቱን ስወጣም ከሰማሁት የትኛውን ልናገር፣ የትኛውን ልተው እያልኩ ወጣሁ። በሕይወቴ ቃል መጣል ያማረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ስደርስ ሁሉም እጃቸውን አቆሙ። ተናገርኩ፣ ጎሉ ጋ ስደርስ ግን ድምፄ አነሰ። «ኳሷ መጣች... በረኛው ያያት አይመስልም ነበር፣ ገባች።»

ዘነበ ቅርጫቱን ወደ ላይ ወረወረ። «አላልኳችሁም! እሱ እኮ በረኛ አይደለም፣ በር ነው! ያውም የተከፈተ!»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ በቀለ ዘነበን በክርኑ ጎሸመው። ዘነበም አባባ ከወዲያኛው ዛፍ ሥር መኖሩ ያኔ ታወሰው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ቡና መልቀም ጀመረ። አባባ ግን ከጥላው ወጥቶ ወደ እኔ መጣ።

«ከየትኛው ጎል ነበር የቆመው?» አለኝ።

«ከገበያው ወገን።»

«ኳሷ ስትገባ ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«አስር ሰዓት አልፎ ነበር፣ አባባ።»

ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ከገበያው ወገን ያለው ጎል ላይ ከአስር ሰዓት በኋላ የቆመ ሰው፣ ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ናት። ከፍ ብላ የመጣች ኳስ አትታየውም። ማንም ቢሆን አያያትም።» ይህን ብሎ ቅርጫቱን አንስቶ ወደ ዛፉ ተመለሰ።

ጋሽ በቀለ ቀስ ብሎ «ይኼ ሰውዬ ሜዳ ከረገጠ ዓመቱ አይደለም እንዴ?» አለ። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። አባባ በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ «ጨው ልግዛ» ብሎ ይወርድና ያለ ጨው ይመለስ ነበር፤ እማዬም አንድ ቀን ጨዉ የታለ ብላው አታውቅም።

በማግስቱ ማንም ሳይልከኝ ወረድኩ። ጌታሁን ልብስ ሰፊው ደጃፍ ተቀምጦ፣ ከጨዋታው የተቀደደ ሸሚዙን ይጠቅም ነበር። ዘነበ ያለውን ዘለልኩ፣ የአባባን ግን አንድም ቃል ሳላጎድል ነገርኩት። «ድገሚው» አለኝ፣ ደገምኩት። «ማንም ቢሆን ነው ያለው?» «ማንም ቢሆን ነው ያለው።» መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወደ ማታ ገደማ ቡናው ውስጥ መጣ። አልተሳሳሙም፣ ይቅርታም አልተባባሉም። አባባ ከታች ያለውን ቅርንጫፍ እየለቀመ ቀና ሳይል «የላዩ አልተነካም» አለው፤ ጌታሁንም ቅርጫት አንስቶ የላዩን ያዘ። እማዬ ከደጅ ሆና አይታ፣ ወደ ጓዳ ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። ወርቁ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ጌታሁን ቅዳሜ ቡናውን በጠዋት አገላብጦ ይወርድ ነበር፣ የአባባን ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ አድርጎ ጎል ላይ ሲቆምም ቴፒዎች «ማር ቆራጩ መጣ! ንቡን ፈርቶ ተከናንቧል!» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ አባባም አሁን በግልጽ ሜዳው ዳር ቆሞ ከእነሱ ጋር ይስቅ ነበር።

ዛሬ ልጆቼ ኳስ በቴሌቪዥን ያያሉ፣ የፈረንጅ አገር ኳስ። ላኪም ተላኪም የለም፣ ጎሉን መልሶ መላልሶ ያሳያቸዋል፣ በጨዋታው መሐልም ዜናውን ከየስልካቸው እያነበቡ ይሟገታሉ። ጥሩ ነው፣ እኔም አብሬ አያለሁ። በረኛው ሲያመልጠው እየተነሱ ሲሰድቡት ግን አላስችል ይለኝና «የማን ልጅ ነው?» እላለሁ። ይስቁብኛል። «እማማ ደግሞ፣ የእሱን አባት ማን ያውቃል?» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው፣ ከየት ያውቁታል። እኛ ግን በዚያ ዳገት ላይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ በረኛ ከመስደባችን በፊት ዞር ብለን እናይ ነበር።