በአገልግሎት ብዛት የተበላ ማርሽ

ጋሽ ገረሱ ማንኛውንም ማሽን የሚፈታው ባለቤቱ አጠገቡ ከተቀመጠ ብቻ ነበር። ይህ ልማዱ በአሰላ የታወቀ ነው። የወፍጮ ባለቤትም ሆነ የትራክተር ነጂ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ፊት ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱ ብሎን ሲወጣ ማየት አለበት፤ የተበላው ዕቃም በጨርቅ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ይህን ጨዋነት ይለው ነበር። እኔ ግን በ1973 ዓ.ም. ከግቢው አንዲት ክፍል ተከራይቼ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ስከታተል፣ ጨዋነት ብቻ አለመሆኑን ቀስ እያልኩ ተረዳሁ። ነገሩን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ የማውቀውን ያህል ብቻ እጽፋለሁ።

ጋሽ ገረሱ የተወለደው ጮሌ በምትባል የአርሲ ቀበሌ ነው። መካኒክነትን በልጅነቱ ከአንድ ጣሊያናዊ የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ተማረ፤ ኋላም የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ያቋቋሙት ስዊድኖች አሰላ በነበሩ ጊዜ ትራክተር ሲጠግንላቸው ኖረ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በዲክሲስ በኩል ለሚገኝ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የእህል መውቂያ ጠግኖ አስረከበ። መውቂያው በመኸር እኩሌታ ተሰበረ። ስብራቱ እርሱ ባልነካው ቦታ እንደነበር ለማስረዳት ሞከረ፤ ዳሩ ግን «አሻጥር» የሚለው ቃል ከእርሱ አፍ ቀድሞ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። አርባ ሦስት ቀን ታስሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ፣ አንድ ዕቃ ከመኪና ሲወርድ ካየ፣ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው «የግል ነው የማኅበር?» ብሎ ነው።

በመጋቢት ወር አንድ ረዘም ያለ ሰው በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ገባ። ጆንያውን ሲገልጠው በጀልባ ጭራ ላይ የሚታሰር አሮጌ ሞተር ሆነ። ቀለሙ ረግፏል፤ ውሃ የሚቀዝፈው ኤሊካ አንድ ጫፉ ተቆርሷል።

«የግል ነው የማኅበር?»

«የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነው። ከኦጎልቾ በታች፣ ከሐይቁ ነው የመጣሁት። ከዲሮ እባላለሁ።»

«እኔ የትራክተር ሰው ነኝ። ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«ይኼንንም ውሃ የሚያርስ ትራክተር በሉት፣ ጋሼ!» አለና ከዲሮ ሳቀ። ጋሽ ገረሱ አልሳቀም።

ከዲሮ ችግሩን ዘረዘረ። ሞተሩ ይነሣል፣ ይጮኻል፤ ጀልባው ግን አይሄድም። ካምቢዮው ሐይቁ መካከል ላይ ማርሽ ይለቅና ጀልባውን ነፋስ ይወስደዋል። አስጋሪዎቹ ወደ ደንገል ታንኳቸው ተመልሰዋል፤ በዚያ ታንኳ ደግሞ ከጉማሬ ማምለጥ አይቻልም።

«ሐይቅ ዳር ነው ያደግኸው?»

«ኧረ እኔ የደጋ ሰው ነኝ! ዲክሲስ ስምንት ዓመት ወፍጮ አስፈጭቻለሁ። ሚስት አግብቼ ነው ቆላ የወረድኩት። ሞተር ያውቃል ብለው ይኼን ሰጡኝ።»

ዲክሲስ የሚለውን ስም ሲሰማ የጋሽ ገረሱ እጅ ጆንያው ላይ ቆመ። ከዲሮ ይህን ሳያስተውል ከኪሱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው ማኅበራቱን ከሚቆጣጠሩት ከጓድ ኃይለመስቀል የተጻፈ ነበር። ጋሽ ገረሱ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፦ ሞተሩ መጠገን የሚገባው መሆን አለመሆኑ ይወሰን፤ የሚጠገን ከሆነ ይጠገን፤ የብልሽቱ መንስኤም ተጣርቶ በአራት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቅረብ።

ምሳ ላይ ሚስቱ እትዬ ቀለሟ፣ «አይሠራም በላቸውና ይውሰዱት» አለችው።

«አይሠራም ብዬ ሌላ ሰው ቢያስነሣውስ? ያኔ አሻጥረኛው ማን ሊሆን ነው?»

«እንግዲያው ጠግነው።»

«ጠግኜው ቢቆምስ?» ጉርሻውን ሳያነሣ ቆየ። «ደግሞ ደብዳቤውን አልሰማሽም። የሚፈልጉት ሞተር አይደለም፤ ሰው ነው የሚፈልጉት።»

በማግሥቱ ከዲሮ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ካምቢዮው ተፈታ። ወደ ፊት የሚያስኬደው ማርሽ ጥርሶቹ ተበልተው እንደ አሮጌ በግ ጥርስ ዶልዱመዋል። ጋሽ ገረሱ እያንዳንዱን ዕቃ በናፍጣ እያጠበ ጨርቅ ላይ ደረደረ። ከምሳ ሲመለስ ግን ያንኑ ጥርሱ የተበላ ትልቅ ማርሽ አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረውና ፊቱ ተለዋወጠ። አንዱ ጥርስ ላይ ጠዋት ያልነበረ፣ በምስማር የተጫረ መስቀለኛ ምልክት ነበረበት። ሌላም ማርሽ ላይ እንዲሁ።

«ይኼን ማነው የጫረው?»

ከዲሮ በርጩማዋ ላይ ተቁነጠነጠ። «እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ለማወቅ ነዋ! የአሰላ መካኒክ ደኅናውን አውጥቶ አሮጌ ይከታል ብለው መከሩኝ።»

«የጀልባ ማርሽ! እኔ የጀልባ ማርሽ ከየት ነው የማመጣው? አልጋዬ ሥር ይፈለፈላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ። የተባልኩትን ነው።»

«ማን ነው የላከህ? እውነቱን ተናገር። የዲክሲስ ሰዎች ናቸው?»

«የምን የዲክሲስ ሰዎች? ወላሂ፣ ማኅበሩ ነው የላከኝ!»

ጋሽ ገረሱ ማርሹን ጨርቁ ላይ መለሰው። እኔ መጽሐፌን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ለመውጣትም ለመግባትም አፈርኩ። በመጨረሻ ጋሽ ገረሱ ጠብ የማያመጣ ጥያቄ የፈለገ ይመስል፣ «ዘይቱን ምን ያህል ጊዜ ትቀይር ነበር? ከውስጡ የወጣው አንድ ማንኪያ አይሞላም» ብሎ ጠየቀው።

ከዲሮ ፊቱ በራ። «በየወሩ እጨምራለሁ! እንዲያውም ቆጣቢ ሞተር ነው፣ ብዙ አይጠጣም። ጥቂት ጠብ ሳደርግለት ወዲያው ሞልቶ ይፈሳል።»

«በየት በኩል ነው የምትጨምረው?»

«ላይኛውን ቪቴ፣ ብሎኑን ፈትቼ በቀዳዳው ነዋ። አፉን ባሾልኩት ጣሳ።»

«ታችኛዋን ቪቴ አትከፍታትም?»

«ከታች ከከፈትኩትማ ይፈስብኝ የለ! ወፍጮስ ቢሆን ከላይ አይደል የሚሞላው?»

ጋሽ ገረሱ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ካምቢዮውን አገላብጦ ቪቴዎቹ የሚዘጓቸውን ሁለት ቀዳዳዎች በጣቱ ነካ፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች ናት። እኔም ቢሆን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከላይ ብቻ ሲጨመር ውስጡ የታፈነው አየር መውጫ ያጣል፤ ዘይቱም አፉ ላይ ተገፍቶ ይመለሳል። ማርሹ ዓመቱን ሙሉ በደረቁ ሲፋጭ፣ ከዲሮ ሞልቶ ፈሰሰ እያለ ይደሰት ነበር። ደጋ ላይ ለወፍጮ ዘይት ከላይ ሲሞላ የኖረ ሰው ከታች የሚጠጣ ማሽን እንዳለ ከወዴት ይወቅ?

ከዲሮ ወደ ሻይ ቤት ሲወጣ ጋሽ ገረሱ ወረቀት እንዳመጣ አዘዘኝ። እኔም በቅንነት፣ ምናልባትም በሞኝነት፣ ያየሁትን ጻፍኩ፦ «ብልሽቱ የደረሰው ባለማወቅ በተፈጸመ የዘይት አሞላል ስሕተት ነው።» አነበብኩለት።

«ማን ሞላው ብለው አይጠይቁም?»

«ይጠይቃሉ። ግን ባለማወቅ ብዬአለሁ እኮ።»

«በመውቂያው ጊዜ ለእኔም አንድ አስተማሪ ባለማወቅ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ሳታውቅ ለምን ነካህ አሉኝ፤ ሁለት ሳምንት የተጨመረብኝ በዚያች ቃል ነው።» ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጠፈው። «በአገልግሎት ብዛት ተበልቷል ብለህ ጻፍ።»

«ጋሼ፣ ግን እውነቱን ካልጻፍን፣ ተመልሶ ቢበላ በእርስዎ ላይ ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ከዲሮንስ ያምኑታል?»

«አላምነውም» አለ ፈጥኖ። «አንድ ቀን ሳይቸግረው አፉን ይከፍታል። እኔ ግን ሰውን ወረቀት ላይ አልጽፍም።»

በሦስተኛው ቀን የተበሉትን ጥርሶች በብየዳ ሞላ። ብረቱን አግሎ፣ ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ ከዚያ በሞረድ አንድ በአንድ ቅርጽ አወጣላቸው። ሲገጥመው ከዲሮን ጠራና ዘይት የተሞላ የትራክተር ግራሶ መግፊያ ፓምፕ አስያዘው። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ቪቴ ትከፍታለህ፤ ዘይቱን በታችኛው ትገፋለህ። በላይኛው ሲፈስ መጀመሪያ ላይኛውን ትዘጋለህ። ማንም ቢጠይቅህ አሞላሉ እንዲህ ነው።»

«እስከ ዛሬስ?»

«እስከ ዛሬ የሚባል ነገር የለም።»

ከዲሮ እንደታዘዘው ሞላ፤ በጥቂት ጠብታ ሞልቶ ይፈስ የነበረው ካምቢዮ ግን ዘይቱን እየጠጣ አልሞላ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ የለወጠበት መስሎት ጋሽ ገረሱን በጎን ያየው ጀመር።

በአራተኛው ቀን ጓድ ኃይለመስቀል ከነሹፌራቸው መጡ። ሞተሩ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ተነሣ፤ ማርሽ ሲገባለት ውሃው ከበርሜሉ ተርፎ ጫማቸውን አራሰው። ወደ ኋላ ሸሹና ወረቀቱን አነበቡ።

«በአገልግሎት ብዛት። እርግጠኛ ነዎት፣ ጓድ ገረሱ?»

«ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ጓድ።»

ወደ ከዲሮ ዞሩ። «አንተስ? ሲሠራ አብረህ ነበርክ። የተለወጠ ዕቃ አለ?»

ከዲሮ መሬት መሬት አየ። «ምልክት አድርጌ ነበር፣ ጓድ። አንዱ ምልክት አለ። ትልቁ ማርሽ ላይ ያለው ግን... ሲገጠም ፈልጌ አጣሁት።»

እትዬ ቀለሟ በኩሽናው በር ላይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ገረሱን አየሁት፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃው ነበር። ይህ ሰው ዘይት እንዴት ይሞላ እንደነበር ጠይቁት ማለት ብቻ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ምልክቱ የነበረው የተበላው ጥርስ ላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጥርሱን በብየዳ ሞልቼ ሞርጄዋለሁ። ምልክቱን ሞረድ ነው የበላው።»

«ይህን በምን እናምናለን?»

«ፈትቼ ላሳይዎት እችላለሁ። ብየዳው ያልነካው ወገን አሮጌ መሆኑን ያያሉ።»

ጓድ ኃይለመስቀል የራሰ ጫማቸውን አዩ። «መፍታቱ ይቅር። ከወረቀቱ ሥር ኃላፊነቱን የምወስደው እኔ ነኝ ብለው ይፈርሙ። እስከ መስከረም ከቆመ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የምንጠይቀው እርስዎን ነው።»

ብዕሩ የእኔ ነበር። ጋሽ ገረሱ ስሙን ፊደል በፊደል ጻፈ፤ ከዲሮ አንገቱን አስግጎ እጁን ይመለከት ነበር።

ሞተሩን መኪናው ላይ ሲጭን ከዲሮ ክንዴን ያዘኝ። «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። እውነቱን ንገረኝ፤ ምልክቴ ጠፍቷል ብዬ አጋልጬው ሳለ አልተቆጣኝም። ከእኔ የሚፈልገው ምንድን ነው?»

አላውቅም አልኩት። ልነግረው ይገባ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ ብነግረው ኖሮ ለማን ይናገር እንደነበርም አስቤአለሁ።

በሚያዝያ የመጀመሪያ እሑድ ጋሽ ገረሱ ካቻቪቴውን ኪሱ ከትቶ በጭነት መኪና ወደ ሐይቁ ወረደ። በግንቦትም ወረደ፤ በሰኔ እኔም አብሬው ሄድኩ። ጀልባዋ ደለል ላይ ተስባ ነበር። ማንንም ሳያናግር ተንበርክኮ ታችኛዋን ቪቴ አላላ፤ ጠብ ያለውን ዘይት በጣቱ ተቀብሎ አሸተተው፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አሸው። ወርቅማና ንጹሕ ነበር። ቪቴዋን መልሶ አጠበቀ። ከዲሮ ከራስጌው ቆሞ፣ ቆሮሶ የሚሉትን አንድ ዓሣ በደንገል አስሮ ሰጠው።

«ይኼው፣ ጋሼ። ስለ ድካምዎ።»

በመንገድ ላይ ጋሽ ገረሱ ዓሣውን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ፣ «ዘይቱን እየሞላ ነው። ግን ይኼን የሚሰጠኝ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው» አለኝ። በደጋ ሰው ቤት ዓሣ የሚበላ ስላልነበረ እትዬ ቀለሟ ለእኔ ሰጠችኝ፤ አጥንቱን መለየት አላውቅበትም ነበርና ግማሹን ድመቷ በላችው።

መስከረም አለፈ። ሞተሩ አልቆመም፤ ማንም ሊጠይቅ አልመጣም። ጋሽ ገረሱ ግን በጥቅምትም ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ከዲሮ ከሩቅ ሲያየው መረቡን ጥሎ ተነሣ። «ቀኑ አልፏል እኮ፣ ጋሼ። አሁን ደግሞ ምን ቀረ?»

«ምንም አልቀረም» አለው ጋሽ ገረሱ ተንበርክኮ ቪቴዋን እያላላ።

ከዲሮ እንደ ሰኔው አንድ ዓሣ በደንገል አሰረ፤ ጥቂት አሰበና፣ አንዱ ያነሰው መስሎት ከቅርጫቱ ሁለተኛ ዓሣ አውጥቶ በመጀመሪያው ላይ አሰረለት።