ድልድዩን አስቀድም

በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ልብስ ሰፊው ጋሽ ማሞ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ከጎንደር ተመድቦ የመጣው ወጣቱ መምህር ይርጋ። በግድግዳው በኩል አባቴ፣ ከአባቴ ጎን እኔ። ከቴሌቪዥኑ ሥር የኮረሪማ ዘንቢላቸውን እግራቸው መሀል ያደረጉት እትዬ አሰለፈች። ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ብርነሽ። ጋሽ ወንድሙ ሐዋሳ በሚቀመጠው የክልሉ ምክር ቤት ሲናገሩ በቴሌቪዥን ለማየት እዚያች የቦንጋ ሻይ ቤት የተሰበሰብነው እኛ ነበርን። ሌላ ሰው ነበርኩ ቢል አላምነውም፤ ነበርኩ የሚለው ግን ብዙ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ካፌ ተቀምጬ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኩል «ኤጭ!» አለ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ዝምታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ድንገት ጎልቶ የሚሰማበት ያ ዝምታ፣ ወደዚያች ሻይ ቤት መለሰኝ።

ጋሽ ወንድሙ ጎረቤታችን ነበሩ። የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ስለነበር፣ ጠዋት ሲያስሉና የሬዲዮናቸውን ጣቢያ ሲፈልጉ ይሰማናል። ቡናማ ኮታቸው ክርኑ ላይ ጋሽ ማሞ የጣፉለት ነው። እጀታው የእንጨት የሆነ ጥቁር ጃንጥላ በጋ ከክረምት ከእጃቸው አይለይም። ሥራቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርነት ቢሆንም ሰው የሚያውቃቸው በምርቃታቸው ነበር። ሠርግ ሲኖር፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ አዲስ ቤት ሲገባበት እሳቸው ይጠራሉ።

በእኛ አገር ሽማግሌ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም። መጀመሪያ የመጣውን ሰው፣ ቀጥሎ ያልመጣውን፣ ከዚያ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ጫካ ውስጥ የተሰቀለውን ቀፎ፣ ሌላም ሌላም እያነሳ ይመርቃል። ያንን ዘሎ ጉዳይ የሚያነሳ ሰው አሳዳጊ እንደበደለው ይቆጠራል። ጋሽ ወንድሙ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሲመርቁ አሮጊቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። ጋሽ ማሞ ግን፣ «ወንድሙ መርቆ እስኪጨርስ ሙሽሪት ታረጃለች» ይላሉ።

ለምክር ቤት ያስመረጣቸውም ያው አንደበታቸው ነው። ሰው የጠየቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ ድልድይ። ከከተማው በታች ባለው ወንዝ ላይ የተጋደመውን ግንድ ደራሽ ውኃ በየክረምቱ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ማዶ ያለ ሰው ማዶ ይቀራል፤ ተማሪውም፣ ቡናውም፣ በሽተኛውም። እትዬ አሰለፈች የማዶ ሰው ናቸው። ከምርጫው በፊት በነበረው ክረምት ልጃቸው ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወንዙ ዳር አድርሰዋት፣ ውኃው እስኪጎድል ሲጠብቁ ሕፃኑ ሳይተርፍ ቀረ። አሁን ልጅቱ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች። ጋሽ ወንድሙ በተመረጡ ጊዜ በእትዬ አሰለፈች ፊት ቆመው፣ «ስለ ድልድዩ እናገራለሁ» ብለው ቃል ሰጥተዋል።

በጉባዔው ቀን እትዬ ብርነሽ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ገለጡ። ስታቢላይዘሩ ጠቅ አለ። ብዙ ሰዎች ከተናገሩ በኋላ ቡናማው ኮት ብቅ አለ።

«ይኸው! ክርኑን እዩት፣ የኔ መርፌ ነው!» አሉ ጋሽ ማሞ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንስማበት!» አሉ እትዬ ብርነሽ።

እትዬ አሰለፈች ከሚናገረው ሰው ጋር አብረው የሚነሱ ይመስል መቀመጫቸው ጫፍ ላይ ደርሰዋል። ጋሽ ወንድሙ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው ሳቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበሩ አፈ ጉባዔ...» ብለው ሲጀምሩ መብራቱ ጠፋ።

«ኤጭ!»

መብራቱ የመጣው በማግስቱ ነው። እስከዚያ ንግግሩን ከተማው ራሱ ጨረሰላቸው። ጋሽ ማሞ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣው ሁሉ፣ «ጠረጴዛውን መታው» እያሉ ነገሩ። ገበያ ሲደርስ፣ «ጉባዔው ቆሞ አጨበጨበለት» ተባለ። ወሬው ራቅ ብላ ያለችው ዋጫ ከተማ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ድልድዩ የብረት ይሁን የሲሚንቶ የሚል ክርክር ይዞ ነበር።

ስለዚህ ከሐዋሳ የተነሳው ጋሽ ወንድሙ ያሉበት አውቶቡስ መንገድ ላይ አድሮ ቦንጋ ሲገባ መናኸሪያው በሰው ሞልቶ ነበር። ያካፋል። እርጥብ የዝናብ ልብስና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሏል። እትዬ አሰለፈች አንድ ቅል ሙሉ ነጭ ማር ታቅፈው ከሁሉም ፊት ቆመዋል። ጋሽ ወንድሙ ከደረጃው ሲወርዱ ሰው አጨበጨበ። እሳቸው ግራ ተጋብተው ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ኋላቸው ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ነበር። እትዬ አሰለፈች ቅሉን ዘረጉላቸው።

«ማሩን ያቆዩት፣ እትዬ» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «ስለ ድልድዩ አልተናገርኩም።»

«እንዴ! ሲነሱ አይተን የለም እንዴ!» አለ መምህር ይርጋ።

«ተነሥቻለሁ። መጀመሪያ የመጡትን ሰላም አልኩ፣ ቀጥሎ ያልመጡትን። ከብቱን፣ ዝናቡን መረቅሁ። ቀፎው ጋ ስደርስ አፈ ጉባዔው ‹ሰዓትዎ አልቋል› አሉኝ። ተቀመጥኩ።»

ጋሽ ማሞ እንኳን አልሳቁም። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ ማሩ ተቀባይ ማጣቱ ብቻ ነው። ዛሬ ሳስበው ግን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ከእኛ መሀል ሲናገሩ ያያቸው ሰው አልነበረም። ማሩን ተቀብለው፣ ጭብጨባውን ይዘው፣ እንሰቱን አልፈው ቤታቸው ሊገቡ ይችሉ ነበር። ድልድዩ ቢቀር «እኔ ተናግሬአለሁ፣ የበላይ አካል ዘገየ» ማለት ይበቃቸው ነበር። እሳቸው ግን ያንን ቅል እያዩ ጃንጥላቸውን መዘርጋት ረስተው ዝናቡ ላይ ቆሙ።

እትዬ አሰለፈች በካፊኖኖ አጭር ነገር ተናገሩ። ሰው ተንቀሳቀሰ።

«ምን አሉ?» አለ መምህር ይርጋ።

«‹ድልድዩን አስቀድም፣ ምርቃቱን ከተሻገርን በኋላ እንሰማሃለን› ነው ያሉት» አለ አባቴ።

እትዬ አሰለፈች ከዚያ ማሩን ጋቢያቸው ሥር መልሰው ሄዱ።

ጋሽ ወንድሙ በዚያው ሳምንት ግንዱ ሳይወሰድ ወንዙን ተሻገሩና ነፍሰ ጡሯን የእትዬ አሰለፈችን ልጅ ይዘዋት መጡ። ክረምቱ እስኪወጣ እሳቸው ቤት ተቀመጠች። አንድ ጠዋት ከእንሰቱ ማዶ፣ ከሬዲዮው ድምፅ በላይ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማን። እናቴ የያዘችውን ጥላ ሮጠች።

በቀጣዩ ጉባዔ መብራት አልጠፋም። ጋሽ ወንድሙ ተነሡ፤ ማይክራፎኑን ሳቡ። «ድልድይ ነው የምጠይቀው» አሉ። ወንዙን፣ ቃሬዛውን፣ ዳር ላይ የቀረውን ሕፃን በጥቂት ቃል ተናግረው ተቀመጡ። አፈ ጉባዔው ይቀጥላሉ ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ጥቂት ጠበቋቸው።

«ሰላም እንኳ ሳይል! አሳፈረን እኮ!» አሉ ጋሽ ማሞ። ፊታቸው ላይ ግን እፍረት አላየሁም።

ጋሽ ወንድሙ የምክር ቤት ዘመናቸው ሲያልቅ እንደገና በዕጩነት አልቀረቡም። ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። ድልድዩ ቶሎ አልመጣም፤ ሌሎች ክረምቶች አለፉ፣ ሌሎች ግንዶች ተወሰዱ። በመጨረሻ የሲሚንቶው ድልድይ ሲመረቅ እሳቸው ከሕዝቡ መሀል እንጂ ከድንኳኑ ሥር አልነበሩም። የዕለቱ እንግዳ ንግግር ሲረዝም ከኋላ አንድ ሰው፣ «ድልድዩን አስቀድም!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እንግዳው ለምን እንደተሳቀ ሳይገባቸው፣ እሳቸውም ስቀው ሪባኑን ቆረጡ።

ሰው መሻገር ጀመረ። ድልድዩ መሀል ላይ እትዬ አሰለፈች የጋሽ ወንድሙን ክንድ ያዙ። በአንድ እጃቸው በዚያ ጠዋት ያለቀሰውን፣ አሁን አብሯቸው የሚራመደውን ልጅ ይዘዋል። ልጁ ደግሞ የማሩን ቅል ታቅፏል።

«አሁን» አሉ እትዬ አሰለፈች።

ጋሽ ወንድሙ እያካፋ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ክርኑ የተጣፈው ኮት በደንብ ይታየኝ ነበር። መረቁ። ረጅም ነበር፤ ማንም አላቋረጣቸውም። ጋሽ ማሞም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመው ሰሙ።

ጋሽ ወንድሙ አሁን በሕይወት የሉም። በየስብሰባው ሰው ንግግር ሲያስረዝም «ድልድዩን አስቀድም» የሚለው የከተማችን ሰው ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን እያነሰ ሄዷል። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ይጎድለኛል። ያን ቀን ድልድዩ ላይ ከአባቴ ኋላ ነበርኩ፤ ከበታቻችን ውኃው ይጮኻል። የመጡትን፣ ያልመጡትን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ቀፎውን ሲመርቁ ሰምቻለሁ። የቀረውን ውኃው ወሰደብኝ። እዚያ የነበራችሁ፣ በተለይ ወደ እሳቸው ቀርባችሁ የቆማችሁ፣ ከቀፎው ቀጥሎ ምን እንዳሉ ንገሩኝ።