ፖሊክሴኒ ደረሰኝ የጠየቀች ቀን

ፖሊክሴኒ በከተማችን በናውሳ በነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች ጎረቤቴ ናት። ፋብሪካው ተዘጋ፤ አገራችን በዕዳ የተዘፈቀችበት ክፉው ዘመን ሲመጣም ጡረታዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። በዚያው ዓመት በግራ ዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ጨመረ፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላትም ብርሃኗ ጠፍቶ እንደማይመለስ ተነገራት።

በመንግሥት ሆስፒታል ሕክምናው ነጻ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ይሁን እንጂ ተራ የሚያሲዘው ለሐኪሙ የሚሰጠው ገንዘብ ያለበት ፖስታ መሆኑን በአገራችን የማያውቅ የለም። የሌላው ሰው ገቢ በግማሽ ሲወርድ የዓይን ሐኪሙ የዶክተር ዚሲስ ፖስታ አምስት መቶ ዩሮ እንደ ነበረ ቀረ። ለግብር ቢሮ የሚያስታውቀው ገቢ ከእሷ ጡረታ ብዙም እንደማይበልጥ በከተማው ይወራል። የጠየቀው ግን የለም።

ፖሊክሴኒ የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ያን ጊዜ መንግሥት በዓመት የተወሰነ መጠን ያለው ደረሰኝ ለሚሰበስብ ዜጋ ግብር እንደሚቀንስ አውጆ ስለ ነበር፣ ሁላችንም የዳቦውንም የነዳጁንም ደረሰኝ በጫማ ካርቶን እናጠራቅም ነበር። እሷ ደግሞ የታዘዘችውን ሳታጓድል የምትፈጽም ሴት ናት። ፖስታውን በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠች በኋላ፣ አንዳች ክፋት ሳታስብ፣ እጇን ዘረጋች።

«ደረሰኙን ይስጡኝ፣ ዶክተር።»

«የምን ደረሰኝ?»

«የዚህ ነዋ። እሱ ብቻውን የዓመቱን ይሞላልኛል።»

በሩ ክፍት ነበርና ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቀ። ዶክተሩ አልተቆጣም። ፖስታውን በሁለት ጣቱ ገፍቶ መለሰላት።

«እትዬ ፖሊክሴኒ፣ ሱቅ የገቡ መሰለዎት እንዴ? እዚህ ገንዘብ አንቀበልም። ተራዎን ይጠብቁ።»

ጠበቀች። ቀጠሮዋ ሦስት ጊዜ ተላለፈ፤ ከእሷ በኋላ የተመዘገቡት ቀድመዋት ታከሙ። በስምንተኛው ወር ግራ ዓይኗ ጨለመ።

አቤቱታዋን ለሐኪሞች ማኅበር የጻፍኩላት እኔ መምህሩ ጎረቤቷ ነኝ። ሐኪምን የሚዳኙት ሐኪሞች ብቻ ናቸው፤ የማኅበሩ የዲሲፕሊን ጉባኤ ሰብሳቢም የዶክተር ዚሲስ ልጅ የክርስትና አባት ነው። እከክልኝ ልከክልህ ማኅተም ሲያገኝ ጉባኤ ይባላል። መልሱ ከአሥራ አራት ወር በኋላ መጣና አነበብኩላት። ሐኪሙ ገንዘብ እንዳልተቀበለ ከራሷ ቃል ተረጋግጧል፤ ስለ ታማኝነቱም ይመሰገናል። አመልካቿ ግን ጉቦ ለመስጠት መሞከሯን በጽሑፍ ስላመነች፣ አቤቱታዋን ብትገፋበት በሕግ ልትጠየቅ እንደምትችል እንድታውቀው ይሁን።

ደብዳቤውን ተቀብላኝ አጠፈችው። ቀኝ ዓይኗም መታመሙን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ቀለበቴን እሸጣለሁ፣ መምህር።»

«ለማን ልትከፍይ?»

«ሌላ ማን አለ ብለው ነው?»

እውነቷን ነበር፤ በአውራጃው ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። ሰኞ ገብታ ፖስታውን አስቀመጠች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። ሐሙስ ዓይኗን ሠራላት። ዓይኗ ተረፈ። እጁ የተባረከ ሐኪም ነው፤ ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል። ዛሬ በመንገድ ስታገኘው ቀድማ እጅ የምትነሣው እሷ ናት።