በፈተና መሀል የመጣ ጉርሻ

እናቴ በር ታንኳኳለች። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልዶ ያደገ ሰው ግን እናት የልጇን በር ስታንኳኳ ቢሰማ፣ እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። እኛ ሰፈር በር የሚያንኳኳው እንግዳ ነው። እናት ከገባች በኋላ ነው «አለሽ?» የምትለው።

አሁን የምንኖረው ሲ.ኤም.ሲ ነው። ጉልበቷ የፈረንሳይን ዳገት አልችል ሲላት እኔ ወዳለሁበት አፓርታማ አመጣኋት። እኔም አብዛኛውን ቀን የምሠራው ከቤት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ባልደረቦቼ በላፕቶፑ ውስጥ ሲከራከሩ እየሰማሁ ሳለ በሩ ኳ ኳ አለ። ቀስ ያለ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ማንኳኳት ነው። ፀጉሬ ውስጥ ሽበት ብቅ ብቅ ማለት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለች ትንሽ ድምፅ ሩቅ ትወስደኛለች። ትናንትም ወሰደችኝ።

ያኔ ኮተቤ ሒሳብ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የዳታ ሳይንስ ሰርተፍኬት ይዤ ከመስከረም በፊት ከመጣሁ እንደሚቀጥረኝ ነገረኝ። እኔም ውጭ አገር ያለ ትምህርት ቤት በኢንተርኔት የሚሰጠውን ትምህርት ጀመርኩ። ኢንተርኔቱ ከጎረቤታችን ከጋሽ ተፈራ ቤት በአጥር ላይ በተዘረጋ ገመድ ነበር የሚመጣልኝ። ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ወጥተው ገመዱን ያያሉ።

ትምህርቱን ወደድኩት። ከተበታተነ መረጃ ውስጥ መልክ ማውጣት፣ ከዚያም ማሽኑ ያንን መልክ ራሱ እንዲለይ ማስተማር ነው ነገሩ። ከሁሉ ያስገረመኝ ማሽን ያሳዩትን ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ውሻ ደጋግመው ካሳዩት ውሻ ያውቃል። ጅብ አሳይተውት የማያውቁ ከሆነ ግን የእንጦጦን ጅብ ውሻ ብሎ ያሳልፈዋል። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ይህ የሚያስቅም የሚያስፈራም ነገር ነው።

የመጨረሻው ፈተና የዋለው በፍልሰታ ጾም ነበር። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የራስን ሐሳብ እንኳ መስማት ያስቸግራል። ፈተናውን የሚጠብቀው ማሽን ነው፤ በካሜራው በኩል ፊቴን፣ እጄን፣ ክፍሉን ያያል። ማንም መግባት የለበትም። ለእናቴ ከዋዜማው ነግሬያት ነበር። ለእሷ ግን «ነገ ፈተና አለብኝ» ማለት «ጸልዪልኝ» ማለት እንጂ «አትግቢ» ማለት አልነበረም።

እሷም ልትጸልይልኝ በጠዋት እንጦጦ ማርያም ወጣች። ከቅዳሴ በኋላ ጭቃውን እየረገጠች ወረደች። እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሰችም፤ እኔም አልቀመስኩም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሳትሰጥ ደግሞ ጾሟን ፈትታ አታውቅም። ሳህን ይዛ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ነጠላዋ እርጥብ የባሕር ዛፍ ይሸት ነበር።

«ልጄን! ከንፈሯ ደርቋል እኮ» አለችና ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ ሰደደች።

አፌም ተከፈተ። ወይ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ወይ በእጄ መከልከል። ግን የእናቱን ጉርሻ መመለስ ማን ተምሮ ያውቃል? ጉርሻ ደግሞ አንድ ብቻ አይሆንም፣ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛውን እየጠቀለለች ነበር። በዚህ መሀል ስክሪኑ ቀላ፤ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስለታየ ፈተናው ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ተዘጋ።»

«ማነው የዘጋው?»

«ማሽኑ ነዋ እማዬ። ሰው ገባ ብሎ።»

ሁለተኛውን ጉርሻ በእጇ እንደያዘች ስክሪኑን አየችው። «ታዲያ እናት እንዳለሽ አያውቅም?»

ጉርሻውን እንደምንም ዋጥኩት። ሥራውም፣ ያ ሁሉ የክረምት ልፋትም ሲሄድ ታየኝና አለቀስኩ። እናቴ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ተፈራ ሰምተው መጡ። «የማብራሪያ ደብዳቤ ጻፊላቸው» አሉኝ። «እናቴ በድንገት ታማ ነው የገባችው በያቸው። በሽታ በየትም አገር ይገባቸዋል።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ኧረ ጋሼ፣ አያሟርቱብኝ! ደህና ቆሜ፣ ያውም በጾም፣ ታማለች ይባልልኝ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያደረግሁትን ጻፊ። ልጄን ስላጎረስኩ አላፍርም።» አላፍርም ስትል ግን ድምፅዋ ተሰበረ።

እውነቱን ጻፍኩ። በእኛ ዘንድ የሚወዱት ሰው ሲርበው በእጅ ያጎርሱታል፤ እናቴ የሰጠችኝ ሽሮ እንጂ መልስ አይደለም አልኩ። ማሽናችሁ ይህን አይቶ ስለማያውቅ ነው ብዬም ጨመርኩበት። ከላክሁት በኋላ ፈራሁ። ከበሽታው ይልቅ ውሸት የሚመስለው እውነቱ ነበር። መልሱ እስኪመጣ ድረስ እኔና እናቴ ስለ ዝናቡ ብቻ ነበር የምናወራው።

መልሱ አጭር ነበር፤ እንድፈተን ተፈቀደልኝ። መጨረሻው ላይ «ከፈተናው በፊት መመገብዎን አይርሱ» ይላል። በፍልሰታ! ሳቄ መጣ። ለእናቴ ስተረጉምላት ግን አልሳቀችም።

በሁለተኛው ፈተና ቀን እንጦጦ አልወጣችም። በክፍሌ በር ላይ፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር በርጩማ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ሰው ወደ ግቢው በገባ ቁጥር «እሽሽ! ፈተና ላይ ናት» ስትል ይሰማኛል። ጨርሼ በሩን ስከፍት የዝናቡ ፍንጣቂ ነጠላዋን አርሶት ነበር። ጭኗ ላይ የተከደነ ሳህን ይዛለች።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

አፌን ልከፍት ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን ሳህኑን ዘረጋችልኝ። «ብዪ» አለችኝ። በገዛ እጄ በላሁ።

አለፍኩ፤ ሥራውንም አገኘሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እናቴ ሳታንኳኳ ገብታ፣ በእጇም አጉርሳኝ አታውቅም። አታንኳኪ ብያት ነበር፣ ስንት ጊዜ። «እሺ» ትልና በማግሥቱ ታንኳኳለች። አሁን በሥራዬ ማሽኑ ያልተለመደ ነው ብሎ ለይቶ ያወጣውን መረጃ ሁሉ ከመጣሌ በፊት በዓይኔ አየዋለሁ። ባልደረቦቼ ዘገምተኛ ይሉኛል። እኔ ግን ከእያንዳንዱ በስተጀርባ የአንድ ሰው እጅ ያለ ይመስለኛል።

እና ትናንት በሩ ተንኳኳ።

«ግቢ እማዬ።»

አንገቷን ብቻ አስገባች። በእጇ ሳህን ይዛለች። «ካሜራው ያያል?»

«ያያል። ግቢ።»

ሁለት እጄን ላፕቶፑ ላይ እንዳደረግሁ አፌን ከፈትኩ። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። ባልደረቦቼ ክርክራቸውን ትተው ያዩናል። ጠቀለለችና አጎረሰችኝ። ጉርሻው እንደ ድሮው ትልቅ ነው። ከዚያ ልትወጣ ዞረች።

«እማዬ» አልኳት፣ አፌ እንደሞላ፣ «ሁለተኛውስ?»