የማርያም ዕለት ግለ ሂስ

በሥራ ሰዓት ስትተኛ ተገኝታለች ተብዬ ተከስሼ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ተኝቻለሁ። ያን ጊዜም አልካድኩም፣ ዛሬም አልክድም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከእንጅባራ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ያችን እንቅልፍ ማንም በችሮታ አልሰጠኝም፤ ተጣልቼ ያገኘኋት ናት። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ቀን ስተኛ አይቶ ፈገግ ሲል ደሜ ይፈላል።

በመጀመሪያው ዓመት ግን እንዲህ አልነበርኩም። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ገጠር ስመደብ የማልደክም መሆኔን ለዓለም ላሳይ ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ጠዋት ሕፃናቱን አስተምራለሁ። ከቀትር በኋላ ለወጣቶች ማኅበር መዝሙር አስጠናለሁ። ቅዳሜ የውይይት ክበብ አለ፤ ሐሙስ ደግሞ እርከን እንቆፍራለን። በዚህ ሁሉ ላይ በየቀኑ አመሻሽ የጎልማሶች መሠረተ ትምህርት። "እኔ ከሌለሁ ማን አለ?" እያልኩ ሁሉንም እሺ አልኩ። ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሞኝነቴን አልደብቅም።

የጎልማሶቹ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በቀርከሃ የታጠረ ዳስ ነበር። ተማሪዎቼ ሠላሳ ያህል ገበሬዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ሲያርሱ፣ ሲያርሙ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ ድንች ሲቆፍሩ ውለው ይመጣሉ። ቤታቸው የሚናገሩት አገውኛ ነው፤ አማርኛን የሚያውቁት ከገበያና ከቢሮ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ያታግላቸው ነበር። እኔ "ለ" ስል አንዱ ያንጎላጃል፤ "ሉ" ስል ከጎኑ ያለው ይከተለዋል። ሰሌዳውን በእጄ እደበድባለሁ፣ አጨበጭባለሁ፣ እቆጣለሁ። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነን "ሀ" እና "መ"ን የለየ ሰው ቢኖር በጣት የሚቆጠር ነው። በሪፖርቱ ላይ ግን "ትምህርቱ በተሟላ ሁኔታ በመካሄድ ላይ ነው" እያልኩ እጽፍ ነበር።

አንድ ቀን "ሰ"ን ጽፌ ዞር ልል ስል መሬቱ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ስነቃ ሰሌዳው ሥር ተዘርሬያለሁ፤ ጠመኔው በእጄ ነው። ደንግጠው የሚረባረቡ መስሎኝ ቀና ብል ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መምህርታቸው ወድቃ፣ ተማሪዎቿ ተኝተዋል! አንዲት አሮጊት ብቻ ከሦስተኛው መደብ ላይ ዓይናቸውን አፍጠው ያዩኛል። ተነስቼ ልብሴን አራግፌ ትምህርቱን ቀጠልኩ። እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

በማግስቱ እኒያ ሴት ከቤቴ ድረስ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ መሬታቸውን በእኩል እያሳረሱ የሚኖሩ፣ ለማንም የማይሽቆጠቆጡ ሴት ነበሩ። አንድ ቁና ገብስ ይዘውልኝ ኖሯል፤ ከደጃፉ አስቀመጡና፣

"አንች ልጅ፣ ትናንት ወደቅሽ" አሉኝ።

"ትንሽ ደክሞኝ ነው፣ እማማ። ግን እርስዎ እንዴት ሳይተኙ ቀሩ?"

"እግሬን አሞኝ ቤት ስለዋልኩ ነው እንጅ፣ ሌላ ቀንማ እኔም ከእነሱ ጋራ ነው የምተኛ። ይሄውልሽ፣ የደከመ ሰው ጆሮ የለውም። በበዓል ቀን ለምን አታስተምሪንም? አቦ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ ጊዮርጊስ አለ። ማረሻ አይነካ፣ ወፍጮ አይፈጭ። ቤት ለቤት ስንተያይ ነው የምንውለው።"

"በበዓል ፊደል መቁጠርስ ሥራ አይሆንም?"

"ቄሱን ጠይቄያቸዋለሁ። ኃጢአት አይደለም ብለዋል።"

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ቀላል አልነበረም። በዓል ማክበር የስንፍናና የኋላ ቀርነት ምልክት ነው እየተባለ በየስብሰባው ይወገዝ ነበር። እኔም ራሴ በውይይት ክበቡ ቆሜ "የበዓላት ብዛት ምርትን እንደሚያዳክም" ንግግር አድርጌያለሁ፤ ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ያንን ስናገር እኒያ ሴት ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። እንደዚያም ሆኖ ገብስ ይዘውልኝ መጡ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የአመሻሹን ትምህርት ዘጋሁት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ትምህርቱ በየበዓሉ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው ምሳውን በልቶ አረፍ ካለ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሆነ። የወጣቶቹን መዝሙር "ችላችኋል፣ ከእንግዲህ ራሳችሁ ዘምሩ" ብዬ ለወጣቶቹ ለቀቅኩላቸው። በሌላው ቀን ሕፃናቱን እንዳሰናበትኩ ቡሉኮዬን ተከናንቤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እተኛለሁ። ያ የእንጅባራ ብርድ እንኳ ከዚያ እንቅልፍ አያስነሳኝም ነበር።

ከእንቅልፍ ስነሳ እዘጋጃለሁ። ስዝረከረክ የኖርኩ ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ቀን መዘጋጀት ጀመርኩ። የካርቶን ጀርባ ላይ በከሰል ትልልቅ አድርጌ እጽፋለሁ፦ ገብስ፣ በሬ፣ ድንች፣ ዝናብ። የትኛው ቃል እንደሚያስቸግራቸው አስቀድሜ ከሴትዮዋ እጠይቃለሁ፤ አገውኛውን ይነግሩኛል፣ እኔም እለማመደዋለሁ። ስሳሳት ሆዳቸውን ይዘው ይስቁብኛል። ክፍል ስገባ ሠላሳ ጥንድ ዓይን ተገልጦ ይጠብቀኛል። አንድ ጊዜ የተናገርኩትን ሁለተኛ መናገር አያስፈልገኝም ነበር። በስድስት ወር ያልሆነው በሁለት ወር ሆነ፤ በአምስተኛው ወር ሴትዮዋ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ያነቡ ጀመር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይህን አልወደደውም። አርባ ዓመት ግድም የሆነው፣ ማኅተሙን ከደረት ኪሱ የማይለይ ሰው ነው። እሱ ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ትምህርቱ ላይ ግን አንድ ቀንም አልተገኘም፤ "ኃላፊነት በዝቶብኝ" ይላል። ትምህርት በየቀኑ ይሰጥ የሚል መመሪያ ስላለ፣ ዳንግላ፣ አውራጃው ቢሮ ሄዶ ነገረብኝ።

አንድ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተደበደበ። ቡሉኮዬን እንደተከናነብኩ ከፈትኩ። ከዳንግላ የመጣው ካድሬ ቆሟል፤ ሊቀመንበሩ ከኋላው።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ ካድሬው። በዕድሜ ባይበልጠኝም አንቺ ነበር የሚለኝ።

"ተኝቼ ነበር።"

"በዚህ ሰዓት?"

"አዎ፣ በዚህ ሰዓት።"

"አብዮቱ ሌት ተቀን ሲገሰግስ አንቺ ትተኛለሽ?"

"ሌት ተቀን ስገሰግስ ሰሌዳ ሥር ወድቄ ነበር፣ ጓድ። ያንን ግን ማንም ሪፖርት አላደረገልኝም" አልኩት።

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል። ካድሬው ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈና አንዲት ቃል ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ "አሻጥር" ትላለች። ያች ቃል በዚያ ዘመን ሰው ታሳስር ነበር። በእሷ ተከሶ በሌሊት ልብሱ ሲወሰድ ያየሁት መምህር አለ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውንም አልሰማሁም። ካድሬው በሕዝብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግና እንድፈርም አዘዘ። ከፈረምኩ ጥፋተኛ ነኝ፤ ካልፈረምኩ ደግሞ የባሰ።

የስብሰባው ቀን መቼ ይሁን ሲባል ሊቀመንበሩ ሳያመነታ "ማርያም ዕለት፣ ሰባት ሰዓት" አለ። ሌላ ቀን ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ቢመጣም ያንቀላፋል ብሎ ነዋ! እንዲያ ፈርቼ እንኳ ሳቄ መጣ። እኔን ለመክሰስ የእኔኑ ሰዓት መረጠ።

አብሮኝ የሚያስተምረው መምህር "ዳንግላ ሂጂና ሰው ለምኚ፤ ይቅርታ ጠይቂ" አለኝ። አልሄድኩም። እስከ ማርያም ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ፀጉሬን ታጠብኩ፣ ልብሴን አጠብኩ፣ የማርያምን ትምህርት እንደ ወትሮዬ አዘጋጀሁ። በየቀኑም ሰዓቴን ጠብቄ ተኛሁ። ጭንቀቱ አልጋዬ ድረስ ይከተለኝ ነበር፤ ግን በእልህ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ሊያስሩኝም ከሆነ ደክሜ አያገኙኝም አልኩ።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዝግባ ሥር ተካሄደ። የማኅበሩ አባል ሁሉ መጥቷል፤ ተማሪዎቼ ከፊት ተቀምጠዋል። ካድሬው ዳንግላ ላይ በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጠኝና "አንብቢና ፈርሚ" አለ። ግለ ሂሴን እነሱ ጽፈውልኛል። በዓይኔ ወረድኩበት። በሥራ ሰዓት መተኛቴን ይላል፤ ልክ ነው። መመሪያ መጣሴን ይላል፤ እሱም ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ግን፣ "በዚህም የተነሳ ከጎልማሶቹ መካከል አንድም ማንበብ የቻለ ሰው አልተገኘም" ይላል።

እውነቱን ልናገር፤ ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እፈርም ነበር። ፈርቼ ነበርና። ያችን መስመር ሳይ ግን ፍርሃቴን ንዴት በላው።

"እኔ አላነብም" አልኩ። "ተማሪዬ ታንብበው።"

ሄጄ ከሴትዮዋ ፊት ቆምኩ። "እማማ፣ ያነቡልኛል?"

ወረቀቱን አዩት፣ ካድሬውንም አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረጉና ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው፤ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሞክሩታል። ነገር ግን አንዲት ፊደል አልዘለሉም። ካድሬው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባው "በቃ፣ በቃ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ቆይ ጓድ፣ ልጨርሰው እንጅ" አሉና ወረቀቱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

ያችን መስመር አነበቧት። ፊደሉን ለመልቀም ሲታገሉ ትርጉሙ አምልጧቸው ነበርና ደግመው አነበቧት። ከዚያ ቀና አሉ።

"ጓድ፣ እዚች ላይ ውሸት ተጽፏል።"

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም፤ ወደ ታች ማንበባቸውን ቀጠሉ። "ምስክር ይላል። የሊቀመንበሩ ስም አለ። ጣቱም አለ።"

ሊቀመንበሩ ከመቀመጫው ተነሳ። "ምን ይላል አሉኝ?"

መስመሯን በአገውኛ ነገሩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "ለእኔ እንዲህ አልተባለም! ቀን ትተኛለች፣ ይኸው ነው የሚል ብለውኝ ነው ጣቴን ያኖርኩት" አለ። ካድሬውን እንጂ እኔን አላየኝም።

ካድሬው ወረቀቱን ነጥቆ አጣጠፈው። "ጉዳዩ ይጣራል" ብሎ በፈረሱ ወደ እንጅባራ ወረደ። አልፈረምኩም። በዓመቱ መጨረሻ ምክንያት ሳይጽፉ ወደ ሌላ ወረዳ ቀየሩኝ፤ ይቀይሩኝ። እዚያም ቀን ተኛሁ፣ እዚያም በበዓል አስተማርኩ።

ከማርያም በሦስተኛው ቀን ጊዮርጊስ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ዳሱ ሞልቶ ትምህርት ልጀምር ስል ሊቀመንበሩ ከበሩ ላይ ቆመ። ማኅተሙ ከኪሱ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ አየው፤ እሱም የሚቀመጥበት ጠፍቶት ተቅበዘበዘ። ብቆጣው ደስ ይለኝ ነበር፤ ልቤ ገና አልበረደም።

"ትናንት አርፈዋል?" አልኩት።

"ቤት ነው የዋልኩት። ተኝቻለሁ" አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

"እንግዲያው ይቀመጡ" አልኩና ከ"ሀ" ጀመርኩለት።