የወንድሜ ጆሮ

ወንድሜ የተወለደው ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ይሆነኛል። አባታችን ዱር ከገባ ሰባት ወር አልፎት ነበር። ቤታችን ከከተማው ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በእግር የሦስት ሰዓት ጉዞ ላይ ነው።

እናቴ ከእሱ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳለች። የመጀመሪያው በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ በአሥረኛው ቀን ተቀበረ። ጥፋቱ የገራዡ ነው ተባለ። እጁ ከባድ ነው አሉት። እናቴም በሰው ፊት ረገመችው፤ ከዚያ ወዲያ በአገራችን ልጁን የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ለሁለተኛው ልጅ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እጁ ቀላል ነው የተባለ ሰው ከመርጡለ ማርያም ድረስ በበቅሎ አስመጣ። አዲስ ምላጭ ተገዛ። ያም ልጅ ደሙ አልቆመም፤ ሞተ። ያን ጊዜ ነገሩ ሾተላይ ነው ተባለ።

ሾተላይ የአንዲትን እናት ልጆች ተራ በተራ ይወስዳል ይባል ነበር። ለዚህ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው፤ አዲስ የተወለደው ልጅ የጆሮው ጫፍ ይቆረጣል። ሞት ምልክት ያለበትን አይፈልግም ይሉ ነበር። አዋላጅዋ፣ ጎረቤታችን የሆነች አሮጊት፣ በተወለደ ዕለት ቆረጠችው። የቆረጠችው የስንዴ ፍሬ አታክልም።

ያቺ ቁስል እስከ ዓርብ ደማች። ትቆማለች፤ ሲጠባ ወይም ሲያለቅስ እንደገና ትጀምራለች።

«እስቲ ይህን ጆሮ እይልኝ» አለቻት እናቴ።

«ደም ነዋ! የአርበኛ ልጅ ደም ከሌለው በምን ሊዋጋ ነው?»

«አራተኛ ቀኑ ነው እኮ።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም።

እናቴ የፈራችው ማክሰኞን፣ ስምንተኛ ቀኑን ነበር። የስንዴ ፍሬ የማታህል ቁስል እንዲህ ካደረገችው ግርዘቱ እንዴት ሊያደርገው ነው? አጎቴ ሲመጣ፣ አይቼባት በማላውቀው ድፍረት፣ ልጁ እስኪጠና ይቆይ ብላ ለመነችው።

«አያ፣ እባክዎ። እስከ ክርስትናው እንኳ ይቆይልኝ።»

«ሰው ምን ይላል? ወንድሜ ዱር ሆኖ እየተዋጋ ልጁ ቆላፋ ሆኖ ይደግ?»

ቆላፋ ያልተገረዘ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጣልያንን የምንሰድብበት ቃል ነበር።  አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አባታችን ከሄደ ጀምሮ የሚያርስልን እሱ ነው። እሑድ ዕለት ገራዥ ሊያመጣ ሮብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ልጁን አቅፋ ተነሣች። አራስ በሰባተኛ ቀኗ ከቤት አትወጣም። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በደብረ ማርቆስ ጦር ሰፈር ያለ ጣልያናዊ ሐኪም ለአገሩ ሰውም መድኃኒት ይሰጣል ሲሉ ሰምታ ነበር፤ መስማቷን ግን ለማንም አልተናገረችም። አዋላጅዋ አህያዋን ሰጠችን።

«ከጠየቁኝ አህያዬ ጠፋች እላለሁ። እሷ እንደሆነ አፍ የላትም» አለች።

ከአርበኛ ቤት ወደ ጣልያን ሰፈር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር። እናቴ በመንገድ ላይ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባትሽ የት ነው ካሉሽ ሞቷል በይ።» ማንም አልጠየቀኝም።

በሰፈሩ በር ላይ ከኤርትራ የመጣ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ቆሞ ነበር፤ ለሐኪሙ የሚያስተረጉምለትም እሱ ነው። እናቴ እንደማንኛዋም አራስ ብረት ይዛ ነበር፣ ትንሽ ማጭድ።

«እኅቴ፣ ጦር ሰፈሩን በማጭድ ልትይዢው ነው?» አለ።

እናቴ አልሳቀችም። እሱም መሣቁን ተወና ማጭዱን ተቀብሎ ከውስጥ ሆና በምታየው መስኮት ላይ አስቀመጠላት።

ሐኪሙ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር። ጆሮውን አየና መጠየቅ ጀመረ። ሌላ የሞተ ልጅ አለ? ሁለት። ወንዶች? ወንዶች። በምን? በግርዘት። ከዚያ ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቃት።

«የእናትሽ ወንድሞችስ፣ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

እናቴ ከአጎቶቿ አንዱ በሕፃንነቱ መሞቱን፣ ሌላው ግን ጎልምሶ ጥርሱን ቢያስነቅል ሳምንት ሲደማ ሰንብቶ እንደሞተ ተናገረች። እኔ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እሷም የአጎቷንና የልጆቿን ሞት አንድ ላይ አድርጋ አስባው የምታውቅ አልመሰለኝም።

ሐኪሙ ጣት የሚያህሉ ሁለት ጠባብ ብርጭቆዎች አመጣ። የእኔን ጣት ወጋና ደሙን በአንዱ ተቀበለ። ከወንድሜ ጆሮ የሚንጠባጠበውን በሌላው ያዘ። ከዚያ ሰዓቱን እያየ ሁለቱን ቀስ እያደረገ ያዘነብላቸው ጀመር።  ጥቂት ቆይቶ የእኔ እንደ እርጎ ረጋ፤ ብርጭቆው ቢዘቀዘቅም አልፈሰሰም። የወንድሜ ግን ገና ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ደግሞ ጠበቀ፤ ደግሞ አዘነበለው፤ ያው ነው።

ሐኪሙ መናገር ሲጀምር እናቴ አስተርጓሚውን አልጠበቀችም። ዓይኗ ከብርጭቆው አልተነሣም።

አስተርጓሚው እያረፈ ነገራት። ደሙ አይረጋም። እንዲህ ያለ ልጅ ከስንት አንድ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ ካልታወቀ ይሞታል። ወንዶቹን ያማቸዋል፤ ሴቶቹ ሳያማቸው ለወንድ ልጆቻቸው ያስተላልፉታል። ሐኪሙ ይህን ሲል ወደ እኔ አየ።

«እንግዲህ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች እናቴ።

«እንዲህ አላለም።»

«ምን አለ?»

«ደም ነው አለ፣ እኅቴ። ጥፋት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።»

መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። የለም፤ መድኃኒቱ አለመቁረጥ ነው። አይገረዝ፣ እንጥሉ አይቆረጥ፣ ዋግምት አይደረግለት፣ ጥርሱ ካልተነቃነቀ አይነካ። ሲደማ ንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ቆሟል ወይ እያሉ እየገለጡ ማየት አይገባም። ጉልበቱ ካበጠ ይተኛ፤ አይታሽ። ጆሮውን እንዲያ ተጭኖ አሰረው። ስንወጣ አስተርጓሚው ማጭዱን መለሰላት። እናቴ ያን ሁሉ ትእዛዝ እንደ ውዳሴ ማርያም መንገዱን ሙሉ እየደጋገመች አስጠናችኝ። አሁንም አልረሳሁትም።

ወደ ቤት አላመራችም። አህያዋን በዚያ በረገመችው ገራዥ ደጅ ላይ አቆመች። ሽማግሌው እንጨት ይፈልጥ ነበር። አራስ መሆኗን አይቶ ደነገጠ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እጅዎ አልነበረም» አለችው።

መጥረቢያውን አስቀመጠ። ይቅር ብያለሁ ብሎ አልቸኮለም። «ስድስት ዓመት ነው» አለ። ቀጥሎም ልጁን ተቀበላትና ጆሮውን ትኩር ብሎ ተመለከተ።

«የዚያንም ልጅ ደም አስታውሰዋለሁ። የቆረጥኩት እንደ ሌላው ነው። ዘወትር ያንን እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል?»

«ነገ ቤቴ መጥተው ይህንኑ ይናገሩልኝ።»

በማግስቱ አጎቴ ብቻውን ተመለሰ። የሮብ ገበያው ሰው፣ ሁለት ልጅ የደማበት ቤት አልገባም ብሎታል። ተናዶ ነበር፤ ከአማኑኤል ሌላ ሰው ላመጣ ነው ሲል ሽማግሌው ከደጅ ገባ። አጎቴ ሊያስወጣው ተነሣ።

«ቁጭ በል» አለው ሽማግሌው። «ሠላሳ ዓመት ቆርጫለሁ። የሌላው ልጅ ደም የግርዘቱ ገንፎ ሳይቀርብ ይቆማል። የዚህ ቤት ልጅ ደም አይቆምም። እኔም ብሆን፣ የመርጡለ ማርያሙም ሰው ቢሆን፣ ለውጥ የለውም። ጆሮውን እየው።»

«ታዲያ ቆላፋ ሆኖ ይደግ?»

«ተገርዞ ከሚሞት ቆላፋ ሆኖ ይደግ። ወንድምህ ከዱር ሲመጣ የምታሳየው ልጅ ነው መቃብር?»

አጎቴ ወጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ እናቴን አላያትም።

«ገንፎው ይገንፋ» አለ። «ተገርዟል ይባል። ከዚህ ቤት የሚወጣ ቃል ይኸው ነው።»

ገንፎው ተገነፋ፤ አዋላጅዋም እልል አለች። ጎረቤቶች መጥተው በሉ። ሽማግሌው ከአጎቴ ጎን ተቀምጦ በላ። ከገንፎው በሦስተኛው ቀን፣ በተወለደ በአሥረኛው፣ ልጁ ደኅና መሆኑ ሲታይ፣ ሰው የገራዡ እጅ ተፈታለት አለ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የአገሩ ሰው ልጆቹን ወደ ሽማግሌው መውሰድ ጀመረ። ምንም ሳይቆርጥ ስሙ ተመለሰለት። እሱም እኛም ይህን ሳንናገር ኖርን።

አባቴ ጣልያን ሲወጣ ተመለሰ። እናቴ ልጁ አለመገረዙን የነገረችው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ልጁን ወደ ጉልበቱ ስቦ ጆሮውን በጣቱ ዳሰሰ፤ «ማንስ ያየዋል?» አለ። ስለ ጣልያኑ ሐኪም ነግራው እንደሆነ አላውቅም።

ወንድሜ ጉልበቱ እያበጠ ብዙ ጊዜ ተኝቷል። ማረስ አልቻለም፤ ተቀምጦ ልጆችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። እኔን ትልቅ ሴት ሆኜ ፊደል ያስጀመረኝም፣ ኋላ የማታ ትምህርት ቤት እንድገባ ባሌን የተከራከረልኝም እሱ ነው። በአርባ አንድ ዓመቱ ከበቅሎ ወድቆ ሞተ። ስንገንዘው እናቴ ፊቱን ከመሸፈኗ በፊት ያቺን ጆሮ ጥቂት ይዛ ቆየች።

ባለፈው ዓመት የሴት ልጄን ልጅ ጥርስ ለማስነቀል ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይዤው ገባሁ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀት ይዞ ደም የማይቆምለት ሰው በቤተሰብ አለ ወይ አለኝ። ከሁሉም ሰው የሚጠየቅ ነው መሰለኝ፤ መልሱን ሳይጠብቅ ሊያልፍ ነበር።

«የእናቱ አጎት» አልኩት። «የእኔ ወንድም ማለት ነው። ከእሱ በፊት ሌሎች ሁለት ወንድሞቼ። ከእነሱ በፊት የእናቴ አጎት።»

ብዕሩን አቆመ። ያስቀመጠውን ጉጠት መልሶ ሸፈነውና ልጁን ደም ወደሚመረመርበት ክፍል ላከው። ጥርሱ በዚያ ቀን አልተነቀለም።